ጣና ዳር የወባ ሞዴል ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ወባን በሒሳብ ሞዴል፣ ማለትም ስርጭቱን በሚያሰላ ቀመር፣ መከታተል የቆየ ሥራ ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን አረጋግጦ በ1902 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሮናልድ ሮስ ራሱ ቀመር ጽፎለታል። ዛሬ ባሕር ዳር ያለ ተማሪም በላፕቶፑ ይሠራዋል። ብዙ ጊዜ ኮዱ ደህና ነው፤ ችግሩ የሚያስገባው ቁጥር ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ለቆላ የተሰላ ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ ትንኟ ውስጥ እድገቱን ካልጨረሰ ወደ ሰው አይተላለፍም። በተለመደው ስሌት ይህ 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን፣ 20 ዲግሪ ላይ ግን 28 ቀን ገደማ ይፈጃል። በየቀኑ ከትንኞቹ አንድ አስረኛው ይሞታሉ እንበል። ከ100 ትንኞች 12 ቀን የሚቆዩት 28 ያህል ናቸው። 28 ቀን የሚቆዩት 5 ብቻ! ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ውጤቱን ይገለብጠዋል። ደግሞም ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ስለምታርፍ፣ የውጭውን ሙቀት ብቻ መያዝ አይበቃም።

ሁለተኛው ቫይቫክስ የተባለውን ሌላ የወባ ተህዋስ መርሳት ነው። ይህ ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንክሻ ያገረሻል። ሞዴላችሁ ለዚህ ቦታ ከሌለው ያገረሸውን ሁሉ አዲስ ንክሻ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ «አጎበሩ አልሠራም» የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ትደርሳላችሁ።

ሦስተኛው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብ ሰው የታከመበትን ቦታ ያሳያል፤ የተነከሰበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ባሕር ዳር ሲታከም፣ ሞዴሉ ጥፋቱን በጣና ዳር ረግረግ ላይ ይጥላል። በዚህ የተነሳ የትንኝ ማጥፊያው ኬሚካል በማያስፈልገው ቀበሌ ሊረጭ ይችላል። መዝገቡን የሚሞሉትን ባለሙያዎች ሄዳችሁ አነጋግሩ። ታማሚው ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ ያውቃሉ።

ሞዴሉን በሠራችሁበት ዳታ መልሳችሁ አትፈትኑት። የመጨረሻውን ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዳታ ለይታችሁ አስቀምጡና በእሱ ፈትኑ።

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ንገሯቸው። አማካዩን ብቻ አይቶ የወባ መመርመሪያ ያዘዘ ሰው፣ ወረርሽኙ ከበረታ ኅዳር ላይ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።