በአዳማ የቤት ቴሌቪዥን ምስል ሲቆራረጥና ሲረበሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአዳማ ብዙ ቤተሰብ ቴሌቪዥን የሚያየው ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በተተከለ ዲሽ ነው። ምስሉ በተበላሸ ቁጥር ቀድሞ የሚነካውም ይኸው ዲሽ ነው፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞራል፣ ሌላው ከሳሎን «መጣ! ጠፋ!» እያለ ይጣራል። ይህ አሠራር ጉዳቱ ያመዝናል። ችግሩ የኬብል ወይም የኤሌክትሪክ ከነበረ፣ በትክክል ተስተካክሎ የነበረው ዲሽ ከቦታው ይነሣና አንዱ ብልሽት ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሣት በፊት ምስሉ የሚበላሸው መቼ እንደሆነ፣ የሚበላሹት ሁሉም ቻናሎች ወይስ የተወሰኑት ብቻ እንደሆኑ ልብ ማለት፣ ጎረቤትንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጎረቤት ቤትም በዚያው ሰዓት ያው ቻናል ከጠፋ፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከስርጭቱ ስለሆነ ከመጠበቅ በቀር በቤት የሚሠራ ሥራ የለም።

ከዚያ ቀጥሎ የሪሲቨሩን የሲግናል መለኪያ መክፈት ነው። መለኪያው ጥንካሬና ጥራት የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ጥንካሬው በዋናነት የሚያሳየው ከኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ከተሰቀለው የሞገድ መቀበያ) እስከ ሪሲቨሩ ያለው መስመር መሥራቱን ስለሆነ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየ እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ምስሉን የሚወስነው ጥራቱ ነው። የዲጂታል ስርጭት ጥራት ሲወርድ ምስሉ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ጥርት ብሎ ይታይና ከዚያ በታች በካሬ በካሬ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ በመጨረሻም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በመሆኑም ድንገተኛ የሚመስለው ብልሽት ለወራት ሲወርድ የቆየ ጥራት ውጤት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም መስመሮች ዜሮ ከሆኑ ኬብሉ ተቋርጧል ወይም ኤልኤንቢው ተቃጥሏል ማለት ነው። ጥንካሬው ኖሮ በሁሉም ቻናል ላይ ጥራቱ ዜሮ ከሆነ ግን ዲሹ ሳተላይቱን ስቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ንፋስ ሲነሣ የሚቆራረጥ ምስል

በአዳማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው። የአካባቢው ንፋስ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንዲተከሉ ምክንያት የሆነ ንፋስ ነው፤ በላላ ቡሎን የታሰረ ዲሽ አይቋቋመውም። ዲሽ ለጥቃቅን እንቅስቃሴ ምን ያህል ስሱ እንደሆነ ብዙዎቻችን አንገምትም። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ አንድ ዲግሪ ያህል ሲዛነፍ የሚቀበለው ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለዚህም የዲሹ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ መንቀሳቀሱ ይበቃል።

ምርመራው ቀላል ነው። ንፋስ በሌለበት ሰዓት አንድ ሰው የጥራቱን መስመር እያየ፣ ሌላው የዲሹን ጠርዝ በአንድ ጣት ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ይጫነዋል። በአንዱ አቅጣጫ ሲጫን ጥራቱ ከፍ ካለ ዲሹ ወደዚያው አቅጣጫ በጥቂቱ መስተካከል አለበት። ጣቱ ሲለቀቅ ዲሹ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም ከተወዛወዘ የላላ ቡሎን አለ። ቡሎኑን ከማላላት በፊት ዲሹ ያለበትን ቦታ ምሰሶው ላይ በማርከር ምልክት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሲጠብቅም አንዱን ዳዶ እስከ መጨረሻው ከማጥበቅ ይልቅ ሁሉንም በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይሻላል፣ አለበለዚያ ማጥበቁ ራሱ ዲሹን ያዞረዋል። ምሰሶው ከጣሪያ ቆርቆሮ ጋር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ቡሎን ማጥበቅ ጊዜያዊ መፍትሄ ነው፤ ወደ ግንብ ወይም ወደ ኮንክሪት ማዛወር ያስፈልጋል። ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ጣሪያ ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ መስመር በቅርብ በሚያልፍበት ጣሪያ ላይም ሥራውን ለባለሙያ መተው ይገባል።

ዲሹ ጠንክሮ ታስሮ ሳለ ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ፊቱን የጋረደው ነገር መኖሩን ማየት ነው። ከአዳማ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኢትዮሳት የሚሠራጭበት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ደግሞ ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 67 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ያደገ ዛፍ ወይም አዲስ የተሠራ ፎቅ ናይልሳትን ሲጋርድ ኢትዮሳትን ላይነካ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን መፍትሄው ዲሹን ወደማይጋረድበት ቦታ ማዛወር ነው።

ከዝናብ ጋር የሚመጣ ብልሽት

እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶችን መለየት ይገባል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ ጠፍቶ ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ከተመለሰ፣ የሳተላይቱን ሞገድ የዝናቡ ውሃ እያዳከመው ስለሆነ ብልሽት አይደለም። በደረቅ ቀን ዲሹን አስተካክሎ ጥራቱን ወደ ከፍተኛው ማድረስ፣ ካልበቃም ሰፋ ያለ ዲሽ መትከል የመጥፊያውን ጊዜ ያሳጥረዋል። ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላም ምስሉ ካልተመለሰ ግን ውሃ ኤልኤንቢው ላይ ባለው ኮኔክተር በኩል ገብቷል ብሎ መገመት ይቻላል።

ይህን ለማየት በመጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል፤ ኬብሉ ወደ ኤልኤንቢው ኃይል ስለሚወስድ በሥራ መካከል ቢነካካ ሪሲቨሩን ሊጎዳ ይችላል። ኮኔክተሩ ሲፈታ መሐል ያለው የመዳብ ሽቦ ቀላ ብሎ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከተገኘ፣ ዙሪያውን ያለው ጥልፍ ሽቦም ነጭ ዱቄት ካበጀ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ዘልቋል። ዝገቱን በቢላዋ መፋቅ ዋጋ የለውም፤ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ኬብሉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር ማሰር ነው። ሲታሰር ከጥልፍ ሽቦው አንዲት ክር እንኳ መሐለኛውን ሽቦ እንዳትነካ መጠንቀቅ፣ መሐለኛው ሽቦም ከኮኔክተሩ አፍ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ናስትሮውን ከታች ወደ ላይ እየደራረቡ መጠቅለል ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ በየድርቡ ኪስ እየተፈጠረ ውሃ ያቁራል። ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ቢታሰር ውሃው ከዝቅተኛው ቦታ ላይ እየተንጠባጠበ ይቀራል።

የተወሰኑ ቻናሎች ብቻ ሲጠፉ

ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው 13 ቮልት ሲልክ ቋሚውን ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲልክ አግድሙን ይቀበላል። የጠፉት ቻናሎች በሪሲቨሩ ዝርዝር ላይ ሁሉም የኤች (አግድም) ምልክት ያለባቸው፣ የሚሠሩት የቪ (ቋሚ) ምልክት ያለባቸው ከሆኑ፣ 18 ቮልቱ ሙሉ ሆኖ አልደረሰም ማለት ይቻላል። መንስኤው የዛገ ኮኔክተር፣ በጣም ረዥምና ቀጭን ኬብል፣ ወይም የሪሲቨሩ የራሱ ድካም ነው። ከሁለት ሳተላይቶች አንዱ ብቻ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ በሁለቱ ኤልኤንቢዎችና በሪሲቨሩ መካከል ያለው ስዊች (ዳይሴክ) ይጠረጠራል፤ የጠፋውን ኤልኤንቢ ያለ ስዊች በቀጥታ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኝቶ፣ በሪሲቨሩም ላይ የስዊቹን ምርጫ አጥፍቶ መሞከር ነው። ምስሉ ከመጣ ስዊቹን መቀየር ይበቃል።

በተወሰነ ሰዓት የሚመጣ መረበሽ

ፀሐይ ስትከር ጠፍቶ ማታ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ምስል ብዙውን ጊዜ ያረጀ ኤልኤንቢን ያመለክታል፤ ሙቀት ሞገዱን የሚቀይረውን ክፍል ከልኩ ያወጣዋል። ኤልኤንቢውን ከመቀየር በቀር ሌላ ጥገና የለውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያት አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስቀል ሰሞንና መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ጨረሯ ስርጭቱን ይሸፍነዋል። በአዳማ ይህ ለኢትዮሳት ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ለናይልሳት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ዲሽ የሚያዞር ሰው ያልተበላሸውን ያበላሻል።

ምጣድ ሲለኮስ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ከሰማይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል በደካማ መስመር ላይ ቮልቴጁን ያወርደዋል፤ ያረጀ የሪሲቨር አዳፕተርም ይህን መቋቋም ስለሚያቅተው ሪሲቨሩ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ተመሳሳይ ቮልትና በቂ አምፔር ያለው አዲስ አዳፕተር መግዛት፣ ምጣዱንም ከቆጣሪው በራሱ መስመር ማስሳብ ችግሩን ያቃልለዋል። የላላ ሶኬት ወይም የሞቀ ዲቫይደር ካለ የእሳት አደጋም ስለሚያስከትል ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።

መስመርና ነጠብጣብ

ጥራቱ ሙሉ ሆኖ ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚረጭ ከሆነ ወይም ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ በሪሲቨሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለውን የኤችዲኤምአይ ኬብል ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ካልተስተካከለም በሌላ መሞከር ነው። በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ኬብል የተገናኘ ቴሌቪዥን ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ወፍራም ጥላ ከታየ የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ምስሉ እየገባ ነው፤ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ከአንድ ሶኬት ማስነሣት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ከላይ እስከ ታች የቆመ የማይንቀሳቀስ መስመር ሲኖር ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሜኑ በራሱ ሪሞት መክፈት ነው። መስመሩ ሜኑውንም አቋርጦ ካለፈ ችግሩ የስክሪኑ ስለሆነ፣ ለዲሽም ሆነ ለሪሲቨር ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቴሌቪዥኑን ወደ ጥገና መውሰድና የስክሪኑን ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይገባል።