የ1966ቱን አብዮት ከአንድ ተማሪ ውሳኔ ተነስቶ ማስተማር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የ1966ቱ አብዮት ለተማሪው የሚደርሰው በአብዛኛው በቀናት ዝርዝር መልክ ነው፤ የየካቲቱ አድማ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ፣ የመሬት አዋጅ፣ ቀይ ሽብር። ይህን በቃሉ የያዘ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል። በዚያ ዘመን እኩያው የነበረ ወጣት ለምን ከአንዱ ወገን እንደተሰለፈ፣ ለምን እምቢ እንዳለ ወይም ለምን እንደተሰደደ ሲጠየቅ ግን «ጊዜው ክፉ ነበር» ከማለት አያልፍም። የታሪክ፣ የአማርኛና የሥነ ዜጋ መምህራን ተባብረው ለሁለት ሳምንት ያህል ሊሠሩበት የሚችሉትን መንገድ እዚህ አቀርባለሁ፤ ይኸውም አንድን ሰው ከአንድ ውሳኔ ፊት አቁሞ፣ በዚያን ቀን ሊያውቅ ይችል የነበረውን ብቻ ይዞ መመርመር ነው።

ለመነሻ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን እመርጣለሁ። ዘማቾቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ስለነበሩ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ራሱን በእነርሱ ቦታ አድርጎ ለማሰብ አይቸገርም። በታኅሣሥ 1967 ዘመቻው ሲጀመርና ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ገጠር እንዲሰማሩ ሲጠሩ፣ ተማሪው ከየካቲት 1957 ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያለ ሰልፍ ሲወጣ የኖረ ትውልድ አባል ነበር፤ ወደ አራሹ የሚልከው ግን ሲጠይቀው የነበረው ሕዝባዊ መንግሥት ሳይሆን ወታደራዊው ደርግ ሆነ። አንዳንዱ ጥሪውን ከገበሬው ጋር አብሮ ለመሥራት የተገኘ ዕድል አድርጎ ተቀበለው፤ ሌላው ተማሪውን ከከተማ አርቆ ለመበተን የታቀደ ዘዴ ነው ብሎ ተቃወመው። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተፋጥጠው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሳየት የዚህ ትምህርት ዋና ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በግራ «እስከ ታኅሣሥ 1967 የሆነ»፣ በቀኝ «ገና ያልሆነ» ብሎ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹም በቁራጭ ወረቀት የተሰጧቸውን ክስተቶች በየቦታቸው ይለጥፉ። የወሎ ረሃብ፣ በየካቲት 1966 የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መውረድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተገደሉት 60ዎቹ ባለሥልጣናትና መኮንኖች በግራ ይውላሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በቀኝ ነው፤ በታኅሣሥ ስንቁን የሚያዘጋጀው ተማሪ አዋጁን ለገበሬው የሚያስረዳው፣ የገበሬ ማኅበራትንም የሚያደራጀው እርሱ እንደሚሆን በእርግጠኝነት አያውቅም። ቀይ ሽብርም በቀኝ ነው። ብዙ ልጆች የ1970ውን እውቀት በ1967ቱ ወጣት ጭንቅላት ውስጥ ስለሚከቱ፣ ይህ ልምምድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ አይቆጨኝም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ በዘማቹ አንደበት፣ ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት የሚያስበውን በአንድ ገጽ ይጻፍ። የመጀመሪያው ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ተጨነቅሁ፤ ልቤ ለሁለት ተከፈለ» የሚል ይሆናል። መምህሩ በዚህ ላይ «በምንና በምን መካከል?» ብሎ ይጻፍና ይመልስለት። ልጁ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ «ገበሬው መሬት እንዲያገኝ ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ አሁን ሂድ የሚለኝ ግን ባለፈው ወር ያለ ፍርድ ሰው የገደለ መንግሥት ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ጭንቀቱ ከታሪኩ ጋር ተያያዘ ማለት ነው። በኅዳጉ ላይ ከየዓረፍተ ነገሩ አጠገብ ሐሳቡን ያገኘው ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ከአዋጅ ወይም ከሽማግሌ አንደበት እንደሆነ ያመልክት፤ ምንጭ የሌለውን «ግምት» ይበለው። ግምት ነውር አይደለም፤ እንደ ማስረጃ መቅረቡ ግን ነው።

ከሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ጥንቃቄ ይሻል። ተማሪው በቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ጋሼም ሆኑ እትዬ የሚላቸውን ሰው «ኢሕአፓ ነበሩ ወይስ መኢሶን?» ብሎ፣ ማለትም በዘመኑ ከነበሩት ተፎካካሪ የፖለቲካ ድርጅቶች የየትኛው አባል እንደነበሩ በመጠየቅ፣ መጀመር የለበትም። ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ፣ የት እንደተመደቡ፣ የት ያድሩ እንደነበር፣ ገበሬው እንዴት እንደተቀበላቸው ይጠይቅ። ዝም ካሉ አያስጨንቃቸው፤ የነገሩትንም ስም ሳይጠቅስ ያቅርብ። በአንድ ክፍል ውስጥ በቀይ ሽብር የተገደለ ሰው የልጅ ልጅና የአብዮት ጥበቃ አባል የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ተማሪዎችን ገዳይና ተገዳይ አድርጎ ድራማ ማሠራትን ፈጽሞ አልደግፍም።

ጦርነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1969 እና በ1970 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣቶች እየተገደሉ፣ በምሥራቅ ደግሞ የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ወርሮ በኋላም ጅጅጋን ይዞ ነበር፤ የካራማራው ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። በክፍል ውስጥ አንዱ የኩራት፣ ሌላው የሐዘን ምዕራፍ ሆነው ተለያይተው ይነገራሉ። ሁለቱን በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ያሻል፤ ወንድሟ በቀበሌ እስር ቤት እያለ የአገሯ ድንበር ተደፈረ የሚል ዜና በሬዲዮ የሰማች ወጣት ምን ልታስብ እንደምትችል ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ትምህርት ቤቶች በመስቀል አደባባይ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቢያስጎበኙ መልካም ነው። በዚያ የሰው አፅም ስለሚታይ ግን ልጆቹና ወላጆቻቸው አስቀድመው ሊነገራቸው፣ መግባት ያልፈለገም ውጭ እንዲቆይ ሊፈቀድለት ይገባል።

ውጤት የሚሰጠው ዘማቹ ሄደ ወይም ቀረ ተብሎ አይደለም። የዘመኑን እውቀት ከኋለኛው መለየቱ፣ ለውሳኔው ማስረጃ ማቅረቡ፣ ያልመረጠውንም መንገድ በሚዛናዊነት ማስረዳቱ ይታያል። በእኩል ማስረጃ ተቃራኒ ውሳኔ ላይ የደረሱ ሁለት ተማሪዎች እኩል ውጤት እንደሚያገኙ፣ ተማሪዎቹ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት መምህሩ ለክፍሉ በግልጽ ይናገር።