ዓርብ ማታ ኖሚካይ፣ ቅዳሜ ሂሮሺማ፣ እሑድ ሚያጂማ፦ ጃፓን ለሚያስተምር ሰው

ጃፓን እንግሊዝኛ ሊያስተምር የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ብሎ ነው። እዚህ ኦካያማ አካባቢ ያለ መምህርን እንይዛለን፤ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ተጉዞ ሂሮሺማ ይገባል። ዕረፍቱ ግን የሚጀምረው ዓርብ ማታ፣ መምህራኑ ተሰባስበው ከሚጠጡበት ከኖሚካይ ነው። እዚያ የተበላሸ ነገር ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ኖሚካይ አዘጋጅ አለው፤ ካንጂ ይባላል። ገንዘቡን የሚሰበስበው እሱ ስለሆነ ከ4,000 እስከ 5,000 የን የሚደርሰውን መዋጮ ዘርዝረው ይያዙ። ምግቡ በሰው ቁጥር ቀድሞ ስለሚታዘዝ በዕለቱ የቀረም ይከፍላል። መጠጡ አብዛኛውን ጊዜ ኖሚሆዳይ ነው፤ ለ2 ሰዓት የፈለጉትን ያህል፣ የመጨረሻው ትዕዛዝ ግን 30 ደቂቃ ሲቀረው።

የሁሉም ብርጭቆ ተሞልቶ «ካንፓይ» እስኪባል አይቅመሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ጉርሻ ነው፤ ለራስ አይቀዳም። ጠርሙሱን በሁለት እጅ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገው ለጎረቤትዎ ይቀዳሉ፤ እሱም ለእርስዎ ይቀዳል። ባዶ ብርጭቆ «ድገሙኝ» ማለት ነው። የበቃው ሰው «በቃኝ» እያለ ከመከራከር ይልቅ ብርጭቆውን እንደሞላ ይተወዋል። አልኮል የማይጠጣ ኡሎንግ ሻይ ያዝዛል። ብስክሌትዎንም ቢሆን ቤት ይተዉት። ሕጉ ጠጥቶ የነዳውን ብቻ ሳይሆን ያጠጣውንና አብሮት የተሳፈረውንም ይቀጣል፤ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ በብስክሌትም ጠብቋል።

ለጾመኛ ዓርብ ማታ ትልቁ ወጥመድ ዳሺ ነው። ይህ መረቅ በብዛት ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ ሥጋ በሌለበት ሾርባ፣ በተቀቀለ አትክልት፣ በተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) መረቅ ውስጥ ሳይቀር አለ። «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ካም ወይም ቤከን ጣል የተደረገበት ሰላጣ ሊመጣ ይችላል። ለካንጂው ከሳምንት በፊት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዳሺ ብለው አንድ በአንድ ይንገሩት፤ ገበታ ላይ ሲነገር ወጥ ቤቱም አዘጋጁም ይጨነቃሉ። በጨው የተቀቀለ ኤዳማሜ (እሸት አኩሪ አተር) እና ነጭ ሩዝ አስተማማኝ ናቸው። ቀዝቃዛ ቶፉም ይሆናል፤ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ እንዳይኖር «ካትሱኦቡሺ ናሺ ዴ» ይበሉ።

ቅዳሜ። በመጀመሪያ፣ የቱሪስቱ የጃፓን ሬል ፓስ ለእርስዎ አይሆንም፤ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ እንጂ የመኖሪያ ካርድ ለያዘ የውጭ ሰው አይሸጥም። ሺንካንሰን ሁለት ክፍያ አለው፦ የመንገዱና የፈጣን ባቡሩ። ሁለት ወረቀት ከተሰጠዎት ደራርበው በአንድ ጊዜ ወደ ጣቢያው የትኬት በር ያስገቡ፤ አንዱን ብቻ ያስገባ ሰው በሩ ይዘጋበትና ከኋላው ሰልፍ ይቆማል። በሌላው ጫፍ ሲወጡልዎት ማንሳት አይርሱ። ትኬቱ ላይ 13፡00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት መሆኑን መቼም አይስቱትም፤ የመጠጥ ቤት በር ላይ «25፡00» ሲያዩ ግን አይደንግጡ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለማለት ነው።

ሻንጣዎን ጣቢያው ሎከር ውስጥ ያስቀምጡ፤ ባለ 100 የን ሳንቲሞች ይያዙ። ከሂሮሺማ ጣቢያ ትራም ይዘው ገንባኩ ዶም-ማኤ ሲወርዱ ቦምቡ ያፈራረሰው ሕንፃ ፊት ለፊት ይቆማል። የሰላም መታሰቢያ ሙዚየሙ መግቢያ 200 የን ነው። ኦገስት 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 2፡15 (በእነሱ 8፡15) የሆነውን በልጆች ልብስና በተቃጠለ የምሳ ዕቃ የሚያሳይ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይስጡት፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ሙዚየም አይደርድሩ። እራት ኦኮኖሚያኪ ነው። የሂሮሺማው እየተደራረበ ይሠራል፤ ስስ ሊጥ፣ ክምር ጎመን፣ የአሳማ ሥጋ፣ ኑድል፣ ከላይ እንቁላል። አሳማ የማይበላ መጋገር ሳይጀመር «ቡታ ናሺ» ይበል።

ለእሑድ፣ ለሚያጂማ ደሴት፣ ሰዓቱን የሚወስንልዎት ባሕሩ ነው። የኢትሱኩሺማ ቤተ መቅደስ ቀይ በር ውኃ ላይ የተንሳፈፈ የሚመስለው የባሕሩ ውኃ ሞልቶ ከፍታው 250 ሴንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ከ100 በታች ሲወርድ እስከ በሩ እግር ድረስ በእግር ይኬዳል። በሁለቱ መካከል ከደረሱ የሚያዩት ጭቃና ኩሬ ነው፤ ብዙ ሰው ቅር ብሎት የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው 6 ሰዓት ያህል ስለሚራራቁ የዕለቱን ሠንጠረዥ አይተው አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉ። በባቡር ሚያጂማጉቺ ይደርሳሉ፤ ጀልባው 10 ደቂቃ ነው፣ 100 የን የጎብኚ ግብርም አለው። ጀልባ ከሚያመላልሱት ሁለት ድርጅቶች የጄአር (የባቡር ድርጅቱ) ጀልባ በቀን ሲሄድ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ያልፋል። አጋዘኖቹን መመገብ ክልክል ነው፤ እነሱ ግን ካርታዎንም ትኬትዎንም ይበሉልዎታል።

ማታ ኦንሰን (የፍል ውኃ መታጠቢያ ቤት) ከገቡ፣ መጀመሪያ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሳሙና ታጥበው ይለቅለቁ፤ ገንዳው መዘፍዘፊያ እንጂ መታጠቢያ አይደለም። የዋና ልብስ አይገባም፤ ሹሩባም ቢሆን ጠቅለል ተደርጎ ከውኃው በላይ ይታሰራል፤ ትንሿ ፎጣ ራስ ላይ ትቀመጣለች። ንቅሳት ብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ የአንገት ንቅሳት ወይም የግንባር መስቀል ያላት እህት ቀድማ ትጠይቅ፤ በቆዳ ቀለም ፕላስተር መሸፈን አንዳንድ ቦታ ይፈቀዳል፣ ካልሆነም ካሺኪሪ የሚባለውን ለብቻ የሚከራይ ገንዳ መያዝ ይቻላል። ውኃው እስከ 42 ዲግሪ ስለሚደርስ ጠጥተው አይግቡ።

ከመመለስዎ በፊት ኦሚያጌ፣ ማለትም ለሥራ ባልደረቦች የሚወሰድ የጉዞ ስጦታ፣ ይግዙ፤ የዚህ አካባቢው ሞሚጂ ማንጁ ነው፣ እንደ ባቄላ ካለ ጥራጥሬ የተሠራ ጣፋጭ የተሞላ የሜፕል ቅጠል ቅርጽ ያለው ኬክ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። ሣጥኑ ላይ ስንት ፍሬ እንዳለው ተጽፏል፤ የመምህራን ክፍሉን ጠረጴዛዎች ቆጥረው ሁለት ይጨምሩበት፣ ጸሐፊዋና የጽዳት ሠራተኛው ይረሳሉና። እያንዳንዱ ለብቻው የታሸገ ይሁን። ሰኞ ጠዋት ስለ ዓርቡ «ኪንዮቢ ዋ አሪጋቶ ጎዛይማሽታ» (ስለ ዓርቡ አመሰግናለሁ) እያሉ በየጠረጴዛው አንዳንድ ያስቀምጡ፤ ክፍል ገብቶ የሌለውም ድርሻው ጠረጴዛው ላይ ይቆየው።