ፔፕ ከጨረሱ በኋላ መቼ ይመረመራሉ?

ለኤችአይቪ ተጋልጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት) የጀመሩ ብዙ ሰዎች፣ የ28 ቀኑ ክኒን ባለቀ ማግስት ተመርምረው "ኔጌቲቭ" ሲባሉ ነገሩን እዚያው ይዘጉታል። ገና ነው።

ጤና ጣቢያ ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ፔፕ ደግሞ ቫይረሱ ካለ አፍኖ ስለሚይዘው፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ 3 ወሩን ከመጨረሻዋ ክኒን ጀምራችሁ ቁጠሩ።

በእኛ አቆጣጠር ጣት ማጠፍ እንኳ አያስፈልግም፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። የመጨረሻዋን ክኒን ጥቅምት 12 ከዋጣችሁ፣ ጥር 12 ድፍን 90 ቀን ነው። ጳጉሜን መሃል ከገባች ጥቂት ቀን ይገፋል፣ ይግፋ። ቀኑን ስልካችሁ ላይ "የመብራት ክፍያ" ብላችሁ ሙሉት፤ ማንም ቢያየው አያስጨንቅም። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሁላችን ስለምንተዋወቅ ሰፈር ውስጥ መታየት ከከበዳችሁ፣ ሌላ ሰፈር ሄዳችሁ ተመርመሩ። ብቻ ቀኑ አይለፍ።

ይህ ግን ከተጋለጣችሁ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ባለሙያው የሚሰጣችሁን ቀጠሮ አይተካም። እስከዚያው ኮንዶም አይቅር። ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የንፍፊት እብጠት ከመጣ 90 ቀን አትጠብቁ፣ ወዲያው ሂዱ። እንደገና ከተጋለጣችሁም ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ፕሬፕ (ከመጋለጥ በፊት የሚወሰደውን መከላከያ) በየቀኑ የምትወስዱ ደግሞ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ ምርመራ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ በየ3 ወሩ ነው።