የልጅዎ የቤት ሥራ በኢንተርኔት ሲመጣ፦ ውጭ አገር ለገቡ አዲስ መጪ ወላጆች

ልጅዎ ትምህርት በጀመረበት ሳምንት ቦርሳውን ሲፈትሹ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል ወይም ኪውአር ኮድ ያለበት ትንሽ ወረቀት ሊያገኙ ይችላሉ። እንዳይጥሉት። የቤት ሥራው፣ የመምህሩ መልእክትና ትምህርት ቤቱ ከፍሎ ያስከፈታቸው የንባብና የሒሳብ መተግበሪያዎች የሚገኙት በእሱ ነው። ይህን ሳያውቁ ትምህርት ቤቱ በነፃ የሰጣቸውን ነገር ከኪሳቸው ከፍለው የሚገዙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ካልተሰጠዎት ደግሞ መምህሩን «ልጄ ቤት ሆኖ የሚሠራባቸው ድረ ገጾች የትኞቹ ናቸው? መግቢያውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ጎግል ክላስሩም የሚባለውን የቤት ሥራ መስጫና መቀበያ ድረ ገጽ የሚጠቀም ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ልጁ መግባት ያለበት ትምህርት ቤቱ በሰጠው አድራሻ ነው። ስልኩ ላይ የእናት ወይም የአባት ጂሜይል ተከፍቶ ከቆየ ክፍሉ ጭራሽ አይታይም፤ ያኔ ችግሩ ከይለፍ ቃሉ ሳይሆን ከአካውንቱ ነው። ሥራውን ጽፎ መጨረስም ብቻውን አይበቃም፦ «ተርን ኢን» (አስረክብ) የሚለው ቁልፍ ካልተጫነ መምህሩ ዘንድ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ሲሶው በሚባለው መተግበሪያ ደግሞ ማስረከቢያው አረንጓዴው የራይት ምልክት ነው።

ሁለት ስህተቶች በተለይ የእኛን ሰው ያጋጥሙታል። አንደኛው የልደት ቀን ነው። ጥር 10 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 18 ቀን 2017 ነው። አካውንት ሲከፍቱ 2009 ብለው ከሞሉ ልጁን 8 ዓመት ያስረጁታል፤ ብዙ ድረ ገጾች ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚያደርጉት ጥበቃም ይቀርበታል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ይገልብጡ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። «6፡00 ፒኤም» የሚል የማስረከቢያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊት መስሎት የተቀመጠ ልጅ ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ያስረክባል።

ለሒሳብ ከነፃዎቹ የመማሪያ ድረ ገጾች ሁሉ የምንመክረው ካን አካዳሚን ነው። ማስታወቂያ የለውም፤ ከእንግሊዝኛ ሌላ በበርካታ ቋንቋዎች ስለሚገኝ ልጅዎ የሚማርበት ቋንቋ ካለ ያንን ይምረጡ። መጀመሪያ እርስዎ የወላጅ አካውንት ይክፈቱ፣ ቀጥሎ የልጁን በእሱ ሥር ይፍጠሩ፤ እንዲህ ሲሆን ልጁ የቱ ጋ እንደተቸገረ ከራስዎ ገጽ ይታይዎታል። ልጁ ካለበት አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ይጀምር። ሒሳቡን ቢያውቀውም የጥያቄውን ቋንቋ ገና አልለመደም፤ የሚያውቀውን ስሌት በአዲሱ ቋንቋ ደግሞ ሲሠራው ቃላቱን አብሮ ይይዛል። ቪዲዮው ከፈጠነበት የፍጥነት ማስተካከያውን 0.75 ላይ ያድርጉለት።

እርስዎ የተማሩት አሠራርና የልጅዎ አሠራር ሊለያይ ይችላል። 23 × 14ን ቁጥሮቹን ደርድሮ ከማባዛት ይልቅ በሣጥን ከፋፍሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብዙ ነው፦ 20 × 10 = 200፣ 20 × 4 = 80፣ 3 × 10 = 30፣ 3 × 4 = 12፤ ሲደመር 322። መልሱ ያው ነው፤ መምህሩ ግን መንገዱንም ስለሚያይ «እንዲህ አይደለም» ብለው የራስዎን አያስተምሩት። መጀመሪያ ከክፍል ደብተሩ ላይ አንድ የተሠራ ምሳሌ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። በአንዳንድ አገሮች ሦስት ተኩል 3.5 ሳይሆን 3,5 ተብሎ እንደሚጻፍ፣ የማካፈል ምልክቱም ሁለት ነጥብ እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ክፍልፋይ ላልገባው ልጅ ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ትልቅ እገዛ ነው። ልጁ ክቡን በጣቱ እየቆረጠና እየሞላ ያየዋል። አንዳንዶቹ ማሳያዎች በአማርኛም ተተርጉመዋል።

ንባብ ላይ ትልቁ እንቅፋት ከፊደላችን ጠባይ ይመጣል። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚነበበው፤ የላቲኑ ግን ድምፁ ለብቻው ነው። በእንግሊዝኛ «ፒን» የሚለውን ቃል የሚያነብ ልጅ «ፐ – ኢ – ነ» ካለ ድምፆቹ አይገጣጠሙለትም። በሳድሱ «ፕ – ኢ – ን» ሲል ግን ቃሉ ራሱ ይመጣለታል። እርስዎም ሲያስጠኑ ሁልጊዜ ሳድሱን ይጠቀሙ፦ «በ» ሳይሆን «ብ»፣ «ተ» ሳይሆን «ት»። እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ካን አካዳሚ ኪድስ ነፃ ነው። ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ደግሞ የልጆች መጻሕፍት በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎችም በነፃ ይነበባሉ። አንዱን መጽሐፍ ዛሬ ማታ በአማርኛ፣ ነገ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ያንብቡለት። ታሪኩን አስቀድሞ ስላወቀው ሙሉ ትኩረቱ ቃላቱ ላይ ይሆናል። አማርኛው ሰነፍ ያደርገዋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ በአንድ ቋንቋ የገባው ሐሳብ ወደ ሌላው ቋንቋ አብሮት ይሻገራል።

ጎግል ትራንስሌት አማርኛ የጨመረው በ2016 ነው። በካሜራ አንስተው የጥያቄውን ሐሳብ ለመረዳት ይጠቅማል፤ የሒሳብ ቃላት ላይ ግን ይሳሳታል። «ፕሮዳክት» ብዜት መሆኑ ቀርቶ «ምርት»፣ «ቮልዩም» ይዘት መሆኑ ቀርቶ «ድምፅ» ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ትርጉም አልሰጥ ካለዎት ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ያስተርጉሙ። መልሱን ግን በተርጓሚ አስጽፈው አያስረክቡ፤ መምህሩ ልጁ የደረሰበትን ደረጃ ማየት ካልቻለ የቋንቋ ድጋፍ የሚያስፈልገው መሆኑንም አያውቅም።

ልጁ 30 ደቂቃ ያህል ሞክሮ ካቃተው ያስቁሙት፤ ወረቀቱ ላይ ወይም በመልእክት አጭር ነገር ይጻፉ፦ «ጥያቄ 1 እና 2ን ብቻውን ሠርቷል። ጥያቄ 3 ላይ ቃላቱ አልገቡትም።» በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ከጻፉት ተርጓሚው ብዙም አይሳሳትም። ከመላክዎ በፊት የተተረጎመውን ወደ አማርኛ መልሰው ያስተርጉሙትና ያሉት መሆኑን ይመልከቱ።