«ቡና» ያልፋል፣ «ሻይ» ይወድቃል፦ ከስካነር ጀነሬተር ጋር ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካፌ ትዕዛዝ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ትዕዛዙ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። የዕቃው ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል። «ቡና» ብዬ ሞከርኩ፤ ሠራ። «ማኪያቶ» አልኩ፤ እሱም ሠራ። «ሻይ» ስል እምቢ አለ። ኮዱ ውስጥ ስለ ሻይ የሚያወራ አንድም መስመር የለም። ሁለት ማታ ሙሉ ፈለግኩት። ምክንያቱን ሳገኘው ስለ መሣሪያው የማውቀው ብዙ ነገር ተስተካከለ፤ እዚህ የምጽፈውም እሱን ነው።

ስካነር ማለት ጽሑፍን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ወደ ቶክን የሚቆራርጥ የፕሮግራም ክፍል ነው። ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ስም ነው፣ ይሄ ነጠላ ሰረዝ ነው እያለ ለፓርሰሩ፣ ማለትም የቶክኖቹን አሰላለፍ ለሚተነትነው ክፍል፣ ያቀብላል። ስካነር ጀነሬተር ደግሞ ይህን ክፍል በእጅ ከመጻፍ ይገላግለናል። እኛ ደንቦቹን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍን ቅርጽ በምልክቶች በሚገልጽ አጻጻፍ) እንጽፋለን፣ እሱ ኮዱን ያወጣል። አንጋፋው ሌክስ ነው፤ በ1975 ቤል ላብስ ውስጥ ማይክ ሌስክና ኤሪክ ሽሚት ሠሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቨርን ፓክሰን በ1987 አካባቢ ፍሌክስን ጻፈ፤ ዛሬ ሊኑክስ ላይ በብዛት የምናገኘው እሱን ነው። በ1990ዎቹ የመጣው አርኢ2ሲ ደግሞ ፍጥነት በሚፈለግበት ቦታ ይመረጣል። ፒኤችፒ የራሱን ኮድ የሚያነብበት ስካነር ከአርኢ2ሲ ነው የሚወጣው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ድምፅ አያሰሙም። ኮዱ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ፕሮግራሙ ይሮጣል፣ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይመስላል። ስለዚህ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ዝምታ የሚሰብር ነገር ተጨምሮ እንደሆነ ነው።

ባይትን ፊደል ነው ብሎ ማሰብ

ወደ ሻዩ እንመለስ። ፍሌክስ ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ማለት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ ነው) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሻ በቁጥር ሲጻፍ 225፣ 136፣ 187 ነው። የጥቅስ መዝጊያው » ደግሞ ሁለት ባይት ነው፤ 194 እና 187።

እኔ የጻፍኩት ደንብ «[^»]*» የሚል ነበር። ለእኔ ትርጉሙ «ከመዝጊያው በቀር ያለውን ሁሉ ውሰድ» ነው። ፍሌክስ የተረዳው ግን «194ም 187ም ያልሆነ ባይት ውሰድ» ብሎ ነው። ቡና ውስጥ ሁለቱም ቁጥሮች የሉም፤ በሰላም አለፈ። ሻ ላይ ሲደርስ 225ን ወሰደ፣ 136ን ወሰደ፣ 187 ላይ ቆመ። ቀጥሎ 194 ይጠብቅ ነበርና አላገኘም። ደንቡ ወደቀ።

የሚገርመው ሻ ብቻዋን አይደለችም። ቻ፣ ኻ እና ጻም በ187 ነው የሚያልቁት። ስለዚህ «ቻለ» ይወድቃል፣ «ጻፈ»ም ይወድቃል፣ «ሰላም» ያልፋል። ይህን ሳያውቅ ፕሮግራሙን የሚሞክር ሰው «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ብሎ ነው የሚናገረው። እውነቱን ነው።

ሌላው የዚሁ ስህተት መልክ [ሀ-ፐ]+ ብሎ መጻፍ ነው። በጣም ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ውሰድ ማለት ነው። ፍሌክስ ግን የሀን የመጨረሻ ባይትና የፐን የመጀመሪያ ባይት ይዞ ከ128 እስከ 225 ያለ የባይት ክልል ያደርገዋል። አማርኛው ያልፋል፤ ስለዚህ የሠራ ይመስለናል። የዐረብኛ ፊደልም ያልፋል። የግሪክም ያልፋል። ከሁሉ የሚከፋው አራት ነጥቡ ነው። የ። ባይቶች 225፣ 141፣ 162 ናቸው፤ ሦስቱም ክልሉ ውስጥ ናቸው። «ሰላም።» ብለን ስንጽፍ ስካነሩ አራት ነጥቡን የቃሉ አካል አድርጎ ያመጣዋል። ከዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስንፈልገው «ሰላም» የለም ይለናል።

ፍሌክስ ላይ መፍትሔው ባይቶቹን በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ከሀ እስከ ፚ ላሉት ፊደላት ሁለት አማራጭ ይበቃል። አንደኛው 225፣ ከዚያ ከ136 እስከ 140፣ ከዚያ ከ128 እስከ 191። ሁለተኛው 225፣ 141፣ ከዚያ ከ128 እስከ 154። ፋይሉ ውስጥ ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል ወይም በኦክታል ነው የሚጻፉት። ለጥቅሱ ደግሞ «194 ያልሆነ ባይት፣ ወይም 194 ሆኖ ቀጥሎ 187 የማይከተለው» ብሎ መጻፍ ነው። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ ስም ሰጥታችሁ ከላይ ካስቀመጣችሁት ደንቦቹ ውስጥ በስሙ ትጠቀሙበታላችሁ።

ለጉራጊኛ ጭምር የሚሆን ነገር የምትሠሩ ከሆነ እዚህ አትቁሙ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሰንጠረዥ፣ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ክፍሎች ገብተዋል። የ2021ዱ ክፍል ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የገባ ሲሆን ፊደላቱ አራት ባይት ነው የሚይዙት። «ግዕዝ ማለት ሦስት ባይት» ብሎ የተጻፈ ስካነር እነሱን ያበላሻል።

አርኢ2ሲ ዩቲኤፍ-8ን ራሱ ያውቃል። ማዘዣው -8 ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። -8 የሚነግረው የሚነበበው ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ነው። የደንብ ፋይላችን ራሱ በምን እንደተጻፈ ሌላ ኦፕሽን ነው የሚነግረው፤ ካልተነገረው አስኪ (እያንዳንዱ ባይት አንድ ካራክተር የሆነበት የድሮ አጻጻፍ) ነው ብሎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ደንባችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ሀ ሦስት የተለያዩ ካራክተሮች ብሎ ይቆጥራታል፣ ሦስቱንም እንደገና ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይራቸዋል። ውጤቱ ስድስት ባይት ይሆናል፤ ከእውነተኛ ሀ ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ሁለቱን ኦፕሽኖች አብራችሁ ስጡ። በጃቫ የምትሠሩ ከሆነ ጄፍሌክስ ዩኒኮድን ይደግፋል፣ ግዕዝን በስሙ መጥራት ይቻላል።

የትኛው ደንብ እንደሚያሸንፍ ሳያውቁ መጻፍ

ሕጉ ሁለት መስመር ነው። ብዙ ጽሑፍ የወሰደ ደንብ ያሸንፋል። እኩል ከወሰዱ ከላይ የተጻፈው ያሸንፋል። ስለዚህ የስም ደንቡን ከላይ፣ «ከሆነ» የሚለውን ቁልፍ ቃል ከታች ከጻፋችሁ «ከሆነ» ሁልጊዜ እንደ ስም ነው የሚመጣው። ፍሌክስ ይህችን ይናገራል፤ «ይህ ደንብ ሊያዝ አይችልም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ግን በሌላ የግንባታ መልእክት ውስጥ ተውጦ ያልፋል፣ ማንም አያየውም።

ሕጉ የሚጠቅመንም ቦታ አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፤ ፡፡ ይሆናል። ለዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ። ለ። እና ለ፡፡ አንድ ዓይነት ቶክን የሚሰጥ ደንብ ጻፉ፣ ለነጠላው ፡ ሌላ። ረጅሙ ስለሚያሸንፍ ምንም ተጨማሪ ኮድ አያስፈልግም።

ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐን እዚያው ደንብ ውስጥ አንድ ለማድረግ መሞከር ግን አይመከርም። ሞክሬዋለሁ። ደንቦቹ ለሰው የማይነበቡ ሆኑብኝ። ቶክኑ ከወጣ በኋላ በሌላ ደረጃ ማስተካከል ይሻላል፤ ተጠቃሚው የጻፈው ሆሄም ሳይጠፋ ይቀመጣል።

ያልታሰበውን ነገር ለዝምታ መተው

ፍሌክስ ምንም ደንብ ያልያዘውን ባይት ምን ያደርገዋል? ዝም ብሎ ወደ ስክሪን ያወጣዋል። ስህተት አይልም። ፕሮግራሙ ብዙ ነገር የሚያትም ከሆነ እዚያ መሀል የገባች አንዲት የተሰበረች ባይት አትታይም። ኖዲፎልት (nodefault) የሚለውን ኦፕሽን ከመጀመሪያው ቀን ጨምሩ። ደንቦቻችሁ ያልሸፈኑት ነገር ካለ ገና ስካነሩ ሲወጣ ይነግራችኋል። ከዚያ መጨረሻ ላይ ማንኛውንም ባይት የሚይዝ ደንብ ጽፋችሁ መስመሩንና ባይቱን አሳውቁ።

አርኢ2ሲ ላይ ነገሩ ይብሳል። ያልተሸፈነ ግቤት ሲመጣ የሚወጣው ኮድ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለዚህ ነው ኮከብ ምልክቷ፣ *፣ ያለችው፤ «ሌላው ሁሉ» ማለት ናት። ማስጠንቀቂያዎቹ በራሳቸው አይበሩም፣ በትልቁ ደብልዩ ኦፕሽን (-W) ማብራት አለባችሁ። ያኔ ያልተሸፈነውን፣ የማይደረስበትን ደንብ፣ ባዶ ጽሑፍ የሚይዘውን ደንብ ሁሉ ይዘረዝርላችኋል። እኔ ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ቀይሬ ነው የምሠራው፤ አንድ ካለ ግንባታው ይቆማል።

የፋይሉን መጨረሻ መርሳት

አንድ ሰው ማብራሪያ (ኮሜንት) ከፍቶ ሳይዘጋው ቀረ እንበል። ስካነሩ ማብራሪያው ውስጥ እንዳለ ፋይሉ ያልቃል። የፋይል መጨረሻ ደንብ ካልጻፋችሁ በሰላም ጨርሻለሁ ይላል። ግማሽ ፋይል ተበልቷል፣ ማንም አያውቅም። ፍሌክስ ላይ ለማብራሪያው ሁኔታ የራሱን የፋይል መጨረሻ ደንብ ጻፉና «ማብራሪያው መስመር ይህን ላይ ተከፍቶ አልተዘጋም» በሉ።

አርኢ2ሲ ላይ የድሮው ልማድ ዜሮ ባይትን የመጨረሻ ምልክት ማድረግ ነበር። ጽሑፉ ራሱ ውስጥ ዜሮ ካለ እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። በ2019 የወጣው 1.2 ቨርዥን ለዚህ የግቤት መጨረሻ ደንብ አመጣ፤ ምልክቱ $ ነው። ዜሮ ሲያገኝ እውነት ጫፍ ላይ መድረሱን ያጣራል፣ ካልደረሰ ይቀጥላል። ከአዳዲሶቹ ነገሮች እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው። የድሮ ምሳሌ እየገለበጡ የሚጽፉ ሰዎች ግን ዛሬም አይጠቀሙበትም።

ከማብራሪያ ሳንወጣ አንድ ነገር። የፍሌክስ ስታርት ኮንዲሽን፣ ማለትም የትኞቹ ደንቦች እንደሚሠሩ የሚወስነው ሁኔታ፣ ሁለት ዓይነት ነው። ኢንክሉሲቩ ተራዎቹን ደንቦች ክፍት ይተዋቸዋል፣ ኤክስክሉሲቩ ይዘጋቸዋል። ለማብራሪያ ኤክስክሉሲቩን ተጠቀሙ። አለበለዚያ ማብራሪያ ውስጥ የተጻፈ «ቡና» ትዕዛዝ ሆኖ ይመጣል።

ያገኙትን ጽሑፍ ሳይገለብጡ ማስቀመጥ

ፍሌክስ የያዘውን ጽሑፍ የሚሰጠን ዋይዋይቴክስት (yytext) በሚባል ስም ነው፤ እሱ የሚያሳየን ግን የስካነሩን ባፈር፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻውን ነው። ቀጣዩ ቶክን ሲጠራ የባፈሩ ይዘት ይለወጣል። ፖይንተሩን (የጽሑፉን አድራሻ) ብቻ ይዛችሁ ከቀጠላችሁ፣ ቅድም «ቡና» የነበረው ትዕዛዝ ሲታተም «ቡና» 2 «ሻይ» እያለ ይረዝማል፤ ከዚያም ባፈሩ ሲሞላ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። ፓርሰሩ ተሳስቷል ብለው ፓርሰሩን የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ባይሰንን፣ ሲወቅሱ የሚውሉ አሉ። ቶክኑን እንዳገኛችሁ ቅጂ አውጡለት።

ርዝመቱም በባይት ነው። «ሰላም» 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል። የስህተት መልእክት ላይ የፊደል ቦታ የምትነግሩ ከሆነ ፊደሉን ለብቻ ቁጠሩ፤ ከ128 እስከ 191 ያሉትን ባይቶች መዝለል ይበቃል።

መሣሪያውን አዘምኖ የወጣውን ኮድ መርሳት

ከ2.6.1 በፊት በነበሩት የፍሌክስ ቨርዥኖች የባፈር መትረፍረፍ ችግር ነበር። በ2016 ተስተካከለ። ችግሩ የነበረው ፍሌክስ በሚያወጣው ኮድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ ስካነር ይዞት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ብዙ ፕሮጀክት ደግሞ የወጣውን የሲ ፋይል ሪፖ (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሁሉም ሰው ፍሌክስ ስለማይጭን። መሣሪያውን ወደ 2.6.4 ብታሳድጉት እንኳ ያ ፋይል እንዳለ ነው።

አርኢ2ሲን «ለሲ ቋንቋ ብቻ ነው» ብሎ መተውም የድሮ መረጃ ነው። 2.0 በ2020 ጎ (Go) የሚባለውን ቋንቋ ጨመረ፣ 3.0 በ2022 ረስትን። በ2024 የወጣው 4.0 ጃቫን፣ ፓይተንን፣ ጃቫስክሪፕትን እና ሌሎችንም አስገባ።

ዛሬ ሪፖአችሁን ክፈቱና የወጣውን ፋይል የመጀመሪያ መስመሮች እዩ። አርኢ2ሲ ቨርዥኑን ከላይ በማብራሪያ ይጽፋል፤ ፍሌክስ ደግሞ እዚያው አካባቢ በሦስት ቁጥር ያስቀምጠዋል። የፍሌክሱ ቁጥር ከ2.6.1 በታች ከሆነ ፋይሉን እንደገና አውጡት። ከዚያ ሻ፣ ቻ፣ ኻ እና ጻ ያሉበትን ጽሑፍ ስጡትና ሞክሩት።