የመቀመጫ ሰዓትን በደብተር መለካት

ጠዋት ጣና ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ የሚሄድ የባሕር ዳር የቢሮ ሠራተኛ ስፖርት እሠራለሁ ቢል እውነቱን ነው፤ ይሁንና ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ከወንበር የማይነሣ ከሆነ፣ ያው ሰው መቀመጥ የበዛበት ኑሮ እየኖረ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴና መቀመጥ ለየብቻ ይለካሉ።

የሚለካው ነቅተን ሳለን ተቀምጠን ወይም ጋደም ብለን፣ ሰውነታችን በዕረፍት ከሚያወጣው ኃይል ከ1.5 እጥፍ ያልበለጠ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ አይቆጠርም። መቋሚያ ተደግፎ ቅዳሴ ማስቀደስም መቆም እንጂ መቀመጥ አይደለም። ሸማኔውንም ቢሆን፣ እጅና እግሩ ሥራ ላይ ስለሆኑ፣ ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጡን ብቻ አይቶ ከጸሐፊ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ይመስለኛል።

ትንሽ ደብተር ይያዙና የገበያ ቀንና እሑድ ያሉበትን ሰባት ተከታታይ ቀን ይመዝግቡ። በተቀመጡ ቁጥር ሰዓቱን፣ በተነሡም ቁጥር ሰዓቱን ይጻፉ፤ ማታ በግምት ለመሙላት አያቆዩት፣ ምክንያቱም ሰው የተቀመጠበትን ጊዜ አሳንሶ ያስታውሳል። ለምሳሌ ቁርስ ላይ 30 ደቂቃ፣ ቢሮ 6 ሰዓት፣ በባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት 2 ሰዓት ከ30 ቢሆን፣ ድምሩ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ከድምሩ ጎን ሳይነሡ የቆዩበትን ረጅሙን ጊዜ ያስምሩበት፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ስልክ እርምጃ ይቆጥራል፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ከተተወ ምንም አይቆጥርም፤ በከተማችን ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የብስክሌት ጉዞም በእርምጃ ቁጥር በትክክል አያሳይም። ስለዚህ ብስክሌቱን በደቂቃ ይጻፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ለመቀመጥ የሰዓት ወሰን አልቆረጠም፤ እንዲቀነስና በቀላልም ቢሆን በእንቅስቃሴ እንዲተካ ነው የሚያሳስበው።

በሁለተኛው ሳምንት ካሰመሩባቸው ጊዜያት አንዱን ብቻ ይምረጡ። ቢሮ ከሆነ፣ ስልክ ሲደወል ቆመው ያናግሩ፣ ለባልደረባ የሚላከውንም ወረቀት ራስዎ ያድርሱ፤ ከዚያም በዚያው ደብተር እንደገና ሰባት ቀን ይለኩ።